ቅጠሉን ሳልገለብጥ የረጨሁት መድኃኒት

ነገሩ የጀመረው ጽጌረዳዎቼ ላይ ነው። ቅጠላቸው በመርፌ ጫፍ የተወጋጋ ይመስል በደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ ተሞላ። ትሪፕስ (ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት) ነው ብዬ ደመደምኩና ፓይሬትሮይድ የሚባለውን የነፍሳት መድኃኒት ረጨሁ። ሳምንትም ሳይቆይ ባሰበት፣ ጭራሽ ግሪን ሃውሱ ውስጥ በጣም የሚሞቀውና የሚደርቀው ጥግ ያሉት ላይ ስስ ድር መታየት ጀመረ።

ያኔ ነው ቅጠሉን ገልብጬ በአጉሊ መነጽር ያየሁት። ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የምታክል ፈዛዛ ፍጡር፣ ግራና ቀኝ ጎኗ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ አጠገቧ እንደ ውሃ ጠብታ የጠሩ ክብ እንቁላሎች። እግሯን ቆጠርኩ። ስምንት። ለካ ትሪፕስ ሳይሆን ስፓይደር ማይት የምትባለው ተባይ ኖራለች። እሷ የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለችም፣ ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶችም አይነኳትም። የእኔው ርጭት እንዲያውም እሷን የሚበሉትን ጨርሶ ሜዳውን ለቀቀላት። እግር ስትቆጥሩ ግን ትልልቆቹን ፈልጉ፣ ገና የተፈለፈሉት ስድስት ብቻ ነው ያላቸው።

አሁን መጀመሪያ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዤ ቅርንጫፉን መታ መታ አደርጋለሁ። ትሪፕስ ከሆነ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፣ ቅጠሉ ላይም ብርማ ጠባሳና እንደ በርበሬ ብናኝ የጠቆረ ኩስ ይተዋል። ክሽክሽን (አፊድን) መለየት ብዙ አያደክምም፦ የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ የተገፈፈ ነጭ ቆዳ፣ ከኋላው ሁለት ቀንድ መሳይ ቱቦ። ነጭ ዝንብ ደግሞ ተክሉን ስትነኩት ብር ብሎ ይነሳል።

ያስለቀሰኝ ብሮድ ማይት የምትባለው ሌላዋ ማይት ናት። የቤጎኒያዬ አዲስ ቅጠሎች ጠነከሩ፣ ጠርዛቸው ወደ ታች ተጠቀለለ። የማዳበሪያ እጥረት መስሎኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ መገብኳቸው፣ እስከዚያው አጠገባቸው ባሉ ማሰሮዎች ያሉት ተክሎችም ተያዙ። 0.2 ሚሊሜትር ስለሆነች በዓይን አትታይም። በ20 እጥፍ አጉሊ ለጋውን ቡቃያ ሳይ ነው ነጫጭ ነጥብ የተደረደረባቸውን እንቁላሎች ያገኘሁት። የነጭ ዝንብ እግር ላይ ተንጠልጥላ ከተክል ተክል እንደምትሄድም ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ነጭ ዝንብ ባየሁበት ሁሉ ቡቃያውንም እፈትሻለሁ።

በቀደም ደግሞ ድር መሃል ብርቱካናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከሌሎቹ በጣም የሚፈጥን ማይት አየሁ። እንቁላሉ ሞላላ ነው። ይሄ አዳኙ ነው፣ ስፓይደር ማይትን የሚበላው። መርጫውን መልሼ አስቀመጥኩት።