ሲረስ ደመናን በ1.38 ማይክሮ ሜትር መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሲረስ የተባለውን ከበረዶ ቅንጣት የተሠራ ስስ ደመና ከሳተላይት ምስል ለይቶ ለማውጣት፣ ከሞከርኳቸው ሞገዶች ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ በ1.38 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሚገኘው የቅርብ ታህተ ቀይ ሞገድ ነው። በሙቀት ምስል ላይ ስሱ ሲረስ ከሥሩ ያለውን የመሬት ሙቀት ስለሚያሳልፍ ከትክክለኛ ቅዝቃዜው ይልቅ ሞቆ ይታያል። በ1.38 ግን የውሃ ትነት የፀሐይን ብርሃን አጥብቆ ስለሚመጥ፣ ትነት ወደበዛበት የታችኛው አየር የወረደው ብርሃን ተመልሶ ሳተላይቱ ጋ አይደርስም፤ ከዚያ በላይ የሚንሳፈፈው ሲረስ በጠቆረው ምስል ላይ ነጥቶ ይወጣል። ዘዴው ታዲያ ለቀን ብቻ ነው።

የምሠራው ላንድሳት 8 በተባለው የአሜሪካ የምድር ቅኝት ሳተላይት ባንድ 9 ነው፤ ባንድ ማለት ሳተላይቱ የሚቀርጸው አንድ የሞገድ ክልል ሲሆን፣ 1.38 ያለው በዚህኛው ነው። ለጀማሪ የምመክረው የደረጃ 1 ፋይል (የአየሩ ተጽዕኖ ያልታረመበትን) እንዲያወርድ ነው፤ ምክንያቱም የአየሩ ተጽዕኖ በታረመበት ደረጃ 2 ላይ ይህ ባንድ የለም፣ በአውሮፓው ሳተላይት በሴንቲኔል 2ም ይህንኑ ሞገድ የያዘው ባንድ 10 ከደረጃ 2ኤ ተቀንሷል። የእያንዳንዱን ፒክስል ቁጥር ወደ ነጸብራቅ መጠን ለመቀየር በ0.00002 አባዝቼ 0.1 ከቀነስኩ በኋላ ለፀሐይ ከፍታ ማዕዘን ሳይን አካፍላለሁ፤ ከዚያም የምስሉን ንጣት ከ0 እስከ 0.03 ባለው ክልል ብቻ እዘረጋዋለሁ። ክልሉ ካልጠበበ ስሱ ደመና አይታይም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የሰሜን ተራሮች ጉዳይ ነው። በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ጫፍ ላይ ደግሞ የሚቀረው ትነት ትንሽ ስለሆነ መሬቱ ራሱ በደብዛዛው ብቅ ይላል። ደመናን ከመሬት ለመለየት ለቆላው የሚሠራ አንድ የንጣት ወሰን እዚያ ላይ ቢጫን ገደሉንም ደመና ብሎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የከፍታ ካርታ ደርቤ አያለሁ፦ ንጣቱ የገደሉን ጠርዝና የሸለቆውን መታጠፊያ ተከትሎ ከሄደ መሬት ነው፤ ሸለቆውን አቋርጦ እንደ ፈትል ከተዘረጋ ሲረስ ነው። የክረምቱ ነጎድጓድ ደመና አናትም በዚሁ ባንድ ይነጣል፤ እሱ ግን በሚታየው ብርሃንም ደምቆ ስለሚታይ ሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ማየት ይበቃል።

አሁን በ2022 ወደ ኅዋ የተላከውን የሦስተኛው ትውልድ ሜቴኦሳት (የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት) ምስል እየተለማመድኩ ነው። ይኸው ሞገድ በየ10 ደቂቃው ስለሚነሳ፣ ተከታታይ ምስሎችን በማስተያየት የሚንቀሳቀሰውን ከማይንቀሳቀሰው መለየት ይቻላል፤ ሳተላይቱ ከኢኳቶር በላይ በ0 ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ ስለሚቆም እኛን የሚያየው በሰያፍ ነው፣ የደመናውንም ቦታ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ያሳያል።