«ንቀሉለትና ይገላገል»

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ጥርሱን ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ደሴ በምሠራበት ክሊኒክ የገጠመኝን ላውራችሁ።

ወጣቱን ከኮምቦልቻ ይዘውት የመጡት እናቱ ናቸው። ዕድሜው በ20ዎቹ ውስጥ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ ሌላ ክሊኒክ ተሞልቶ ነበር፤ ሙሌቱ ግን ደጋግሞ ወድቋል። ነርቩ ደህና ነው። ከተነቀለ ግን ምትክ የለውም፤ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አፉ ውስጥ አያቆይም።

በተለመደው መንገድ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ልባስ፣ ለመሥራት ጥርሱ ዙሪያውን ይሞረዳል፣ ልኬት ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪው ይጠበቃል፣ ከዚያ እንደገና መምጣት አለ። እሱ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ሲወጣ ያስመልሰዋል። ደሴ ሲደርስ ትዕግሥቱ አልቋል።

ስለዚህ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የብረት ክራውን መረጥን። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። በልጆች የወተት ጥርስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ይሠራበታል፤ ለአዋቂ መንጋጋም በየመጠኑ አለ። ልኩ ይመረጣል፣ ጠርዙ በመቀስ ይስተካከላል፣ በጉጠት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ በጥርስ ስሚንቶ ይለጠፋል። በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። አንዳንድ ሰው አለርጂ የሚሆንበት ኒኬል የሚባል ብረት ስላለበት፣ የሰዓት ወይም የቀበቶ ብረት ቆዳውን ያሳክከው እንደሆነ እናቱን ጠየቅኋቸው። እሳቸውን ያስጨነቃቸው መልኩ ነው፦ «ሰው ምን ይለዋል ዶክተር?» ጥርሱ ወደ ኋላ ስለሆነ ብዙም እንደማይታይ በመስታወት አሳየኋቸው። እሱ ክራውኑን ጣቱ ላይ አድርጎ ሲያገላብጠው ቆየ።

ጭንቁ የመጣው ልኩን ስንሞክር ነው። ድንገት ራሱን ዘወር ሲያደርግ ክራውኑ ከጣቴ አምልጦ አፉ ውስጥ ወደቀ። አፉን ግጥም አደረገ። እንዲህ ያለ ትንሽ ብረት ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ደግነቱ ወንበሩን ቀና አድርገን፣ ከምላሱ ኋላ ጎዝ (ስስ የሕክምና ጨርቅ) ዘርግተን ነበር። ማንም አልጮኸም፤ አፉን በግድ የነካም የለም። እናቱ ጠጋ ብለው ጉንጩን እየዳበሱ «አብሽር የኔ ጌታ፣ አብሽር። እስቲ ክፈትልኝ» አሉት። ከፈተ። ክራውኑ ጎዙ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ራሱን እሳቸው በክንዳቸው ደገፉ፤ እኔም «አሁን» እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ሠራሁ። ክራውኑ ገባ። ስሚንቶው እስኪጠነክር ጎዝ ነከሰ። ንክሻውን ደጋግሜ አየሁ። ልጆች ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ክራውን በሳምንታት ውስጥ ይስተካከላል፤ አዋቂ ላይ ግን በዚያ መመካት አልወድም፤ ይልቁንም አመመኝ ብሎ መናገር ለሚቸግረው ሰው።

ለክትትል ሲመለስ ክራውኑ ንቅንቅ አላለም፤ በጉንጭ በኩል ግን ድዱ ቀላ ብሏል። ቤት ጥርሱን የምትቦርሽለት እህቱ ናት። ፊት ለፊቱ ስለምትቆም ብሩሹ እዚያ አይደርስም። ከኋላው ቆማ፣ አገጩን ደግፋ፣ ብሩሹን ወደ ድዱ ዘንበል እንድታደርግ አሳየኋት። እዚያው ሞከረችው፤ እሱም ዝም ብሎ አስቦረሻት። ከሦስት ወር በኋላ እንዲመለሱ ቀጠርኋቸው።