ከመመረቄ ሰባት ዓመት በፊት ያስተማርኩ መምህርት

ባለፈው ክረምት ድሬዳዋ የገባሁት ለዕረፍት አልነበረም፤ አንዲት ደብዳቤ ፍለጋ ነበር። ሻርጃ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ሒሳብ ካስተማርኩ በኋላ ዱባይ የተሻለ ቦታ አገኘሁ። መንገዱ ካልተጨናነቀ ከአንዱ ወደ ሌላው በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው። ወረቀቱ ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ።

የኤሚሬቶቹን በኩል በአጭሩ ልጨርሰው። መኖሪያ ፈቃድሽ በአሠሪሽ ስም የተያዘ ስለሆነ የድሮው ሳይሰረዝ አዲሱ አይጀመርም። ሕጉ ከ30 እስከ 90 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ የእኔ ውል 60 ይል ነበር። የስረዛው ቅጽ ላይ «የሚገባኝን ሁሉ ተቀብያለሁ» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፤ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ እንዳትፈርሙ። የአገልግሎት ክፍያው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ለእኔ 165 ቀን መጣ። የቤት አበል አይቆጠርም፤ እኔ ቆጥሬው ነበር፣ ሁለት ቀን አኩርፌአለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ሠራተኛው ከጠየቀ በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። በማግስቱ ሰጡኝ።

ዲግሪዬ አላስቸገረም። በ2009 ስሄድ አዲስ አበባ ተመላልሼ ትክክለኛነቱን አስረጋግጬ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም አሳርፌ፣ ኤምባሲያቸው ጋ አጽድቄ ጨርሼዋለሁ። ጀርባው ከፊቱ ይልቅ ያጌጠ ዲግሪ ነው።

ጣጣው የመጣው ከድሬዳዋዋ ወረቀት ነው። አዲሱ ትምህርት ቤት ደመወዝ የሚመድበው በአገልግሎት ዘመን ስለሆነ አገር ቤት ያስተማርኩበትን ማስረጃ ጠየቀ። ስለቅ የተሰጠችኝን ደብዳቤ ላክሁ። ሁለት ቀን ቆይቶ የሠራተኛ አስተዳደሩ ልጅ ደወለልኝ፤ ድምፁ እንደ ሐኪም ለስለስ ያለ ነበር። ዲግሪዎ የተሰጠው በሐምሌ 2010 ነው፣ ማስተማር የጀመሩት ግን በመስከረም 2003 ነው፤ ሳይመረቁ ሰባት ዓመት አስተምረዋል ማለት ነው? አለኝ።

ደብዳቤዋን አውጥቼ አየኋት። የጻፈው ሰው መስከረምን ወደ «ሴፕቴምበር» ተርጉሞ ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር ትቶታል፤ ዲግሪዬ ላይ ያለው ግን በፈረንጅ ነው። ከጎኑ «ኢ.ሲ.» የሚሉ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት የተጻፉ ሁለት ፊደሎች አሉ። ልጁ የትምህርት ቤቱ አሕጽሮተ ስም መስሎት ነበር።

እንግዲህ አስረዳሁት። ሰባት ዓመት ጨምርበት አልኩት። እሱም ታዛዥ ነው፣ ጨመረ፤ በጀመርኩበትም በለቀቅኩበትም ላይ። መስከረም 2003 ትክክል ሆኖ 2010 ሆነ። ሰኔ 2009 ግን 2016 ሆነና አንድ ዓመቴ ጠፋ። ከታኅሣሥ ወዲያ ልዩነቱ ስምንት መሆኑን ረስቼ ያልነገርኩት እኔው ነኝ፤ ያውም የሒሳብ መምህርት። ሁለተኛ ስደውልለት ከልጁ ድምፅ ውስጥ ልስላሴው ጠፍቷል። ሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈበት፣ ስሜ እስከ አያቴ ድረስ ልክ እንደ ፓስፖርቴ የሰፈረበት አዲስ ደብዳቤ አምጪ፣ አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰማ «ደመወዝ የሚከፍሉሽ ሰዎች መቁጠር አይችሉም?» አለ። የቆጠርኩት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም።

የድሬዳዋው ትምህርት ቤቴ በክረምት ጭር ይላል። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ሦስት ጠዋት ተመላለስኩ፤ ከቀትር በኋላማ በዚያ ሙቀት ማን ቢሮ ይገኛል። በመጀመሪያው ቀን ርእሰ መምህሩ ፈቃድ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ምክትሉ ሊፈርሙ ፈቀዱ፣ ማኅተሙ ግን የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ከርእሰ መምህሩ ጋር ነው። በሦስተኛው ቁልፉ በሰው እጅ መጣ።

መዝገብ ቤት የነበሩት ያው የጥንቷ እትዬ ናቸው። የግል ማኅደሬን ከመደርደሪያው ሥር ጎትተው በሻሽ ጠረጉት። ገመዱ ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው በእጄ የጻፍኩት የሥራ ማመልከቻ ነበር፤ «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመጠየቅ» ከሚለው ሥር በማስመሪያ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። ሰማያዊው ቀለም ቡናማ ሊሆን ምንም አልቀረው። እትዬ አነበቡትና «ጽሕፈትሽ ያን ጊዜ ይሻል ነበር» አሉኝ።

በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉን ግን እምቢ አሉ። «ትምህርት ቤቱ የሚሠራው በኢትዮጵያ ዘመን ነው፣ ማኅደሩ ላይ የሌለ ቁጥር አልጽፍም።» ልክ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው ሲቀጣጥፍ የከለከሉ ሴት ናቸው። እኔም አልተጋፋኋቸውም። የኢትዮጵያውን ዋና አድርገን፣ የፈረንጁን ደግሞ ወሩም ዓመቱም ተቀይሮ «ይህም ማለት» በሚል እንድናስከትለው ተስማማን። ከዚያም የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው መስከረምን በጣታቸው፣ ሰኔን በእስክሪብቶ ጫፍ እየነኩ ራሳቸው አስልተው አረጋገጡ። ስምንቱን አልሳቱትም።

ምክትሉ ፈረሙ፣ ቲተራቸው ከፊርማቸው ሥር ተመታ። የማኅተሙ ቀለም በሙቀት ደርቆ ስለነበር እትዬ ሁለት ጠብታ ውኃ አንጠባጥበውበት ጠበቁ፤ ከዚያ መዳፋቸውን ጭነው፣ ግማሹ ፊርማው ላይ ግማሹ ባዶው ወረቀት ላይ እንዲያርፍ አድርገው መቱት። ወይን ጠጁ ክብ ጠርዙ ትንሽ ፈሰሰ። «ምንም አይልም» ብለው አራገቡት፣ ቀሪውን ከማኅደሬ አያያዙት፣ ገመዱን መልሰው አሰሩት።

«በይ እዚህ ላይ ተረክቤያለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ ቀኑንም ጻፊ» ብለው የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን አዞሩልኝ። ፈረምኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩ። እትዬ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት፤ ማስመሪያቸውን አንሥተው ዓመቱን በአንድ መስመር ሰረዙና እስክሪብቶውን መለሱልኝ።