ቡናን ከማሳው ጀምሮ በብሎክቼይን መከታተል፦ ከይርጋጨፌ መረከቢያ ያገኘሁት ትምህርት

ብሎክቼይን (መረጃ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ የሚቀመጥበት፣ የገባው በቀላሉ የማይለወጥ ዲጂታል መዝገብ) ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቢትኮይን ነው። እኔ ግን የሠራሁበት ለቡና ነው። ይርጋጨፌ አካባቢ ላለ አንድ የገበሬዎች ማኅበር፣ እሸቱ ከማሳ ተነሥቶ ኤክስፖርት ጆንያ እስኪገባ ያለፈበትን የሚመዘግብ ሲስተም ሠራሁ።

መነሻው ገበያ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሕግ፣ ቡናው ከ2020 ማብቂያ በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ እንዳልበቀለ ማስረጃ ይፈልጋል። ለዚያ የማሳው ጂፒኤስ ያስፈልጋል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው ገበሬ ያለችው ትንሽ ማሳ ናት፣ ያውም ከእንሰት ጋር።

ሃይፐርሌጀር ፋብሪክ የሚባለውን የብሎክቼይን ሶፍትዌር መረጥኩ። የተፈቀደለት ብቻ ነው የሚገባበት፤ ለየምዝገባው የክሪፕቶ ክፍያ የለም። የገበሬው ስምና የማሳው ነጥብ በተራ ዳታቤዝ ተቀመጠ፤ ሰንሰለቱ ላይ የሚወጣው ሃሹ (ከመረጃው በስሌት የሚወጣ፣ እንደ አሻራ ያለ ኮድ) ብቻ ነው። አንዴ የገባ አይጠፋም፤ የሰው መረጃ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መለጠፍ ደስ አይለኝም።

የአሜሪካው የችርቻሮ ድርጅት ዋልማርት የአንድ ጥቅል ማንጎን መነሻ ለማግኘት 7 ቀን ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ በብሎክቼይን 2.2 ሰከንድ ሆነለት። ጥሩ ነው። ግን ያ የፍለጋው ፍጥነት ነው። መረጃው መጀመሪያ እንዴት ገባ? ጣጣው ያለው እዚያ ነው።

እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ስለዚህ ሲመሽ መረከቢያው ይጨናነቃል፣ ኔትወርክ ደግሞ የለም። አፑ ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በኋላ ካልላከ ማንም ቆሞ አይጠብቃችሁም። ከመፈልፈያው በኋላ የሁሉም ቡና ይቀላቀላል። «ይህ ስኒ የእገሌ ማሳ ነው» ማለት ከዚያ ወዲያ ውሸት ነው። እኛ የያዝነው የቀን ሎት ነው፦ በዕለቱ ያስረከቡት ሰዎች፣ የገባው ኪሎ፣ ቡናው የተሰጣበት አልጋ። 6 ኪሎ ገደማ እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። ንጹሑ ቡና ከዚህ በጣም ከበለጠ፣ መሐል ላይ ሌላ ቡና ገብቷል። ይህቺ ተራ ሒሳብ ከብሎክቼይኑ በላይ ጠቅማኛለች።

አንዴ ሲስተሙ፣ አንድ ገበሬ ከማሳው አቅም እጥፍ በላይ አስረክቧል ብሎ አስጠነቀቀ። ሚዛን ያዡን ብጠይቀው ሳቀ። «ወንድሜ፣ የሱ ብቻ አይደለም እኮ። የእናቱም የወንድሙም ነው። አባል እሱ ብቻ ስለሆነ በሱ ስም ያስገባሉ።» ሰውዬው ማንንም አላጭበረበረም። ግን የእናቱና የወንድሙ ማሳ ሲስተሙ ውስጥ የለም። ለገዢው የሚሄደው ሰነድ ቡናቸው እሱ መሬት ላይ በቀለ ይላል። ሰንሰለቱም ይህንኑ አንዲት ፊደል ሳይለውጥ ያስቀምጠዋል! ከዚያ ወዲህ ያመረተውንና ያመጣውን ሰው ለየብቻ እንመዘግባለን። አባል ያልሆኑትንም ማሳ እየዞርን ለካን። አድካሚ ሥራ ነው፣ አቋራጭም የለውም።

ገበሬው የወደደው ሌላ ነገር ነው፦ ኤስኤምኤሱን። «ይህን ያህል ኪሎ አስረክበዋል» ይላል፣ በቃ። ትርፍ ሲከፋፈል ደረሰኙ ቢጠፋ እንኳ ስልኩ ላይ አለ። የቡናውን መነሻ ስለሚያሳየው ኪውአር ኮድ የጠየቀኝ ገበሬ የለም።

እንዲህ ያለ ሥራ ካሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ኪሎውን በቀጥታ ወደ ስልክ የሚልክ ዲጂታል ሚዛን ላይ አውሉት። አንዳንድ መረከቢያዎቻችን ላይ አሁንም በእጅ ነው የሚጻፈው። ለመጪው ለቀማ እነሱንም ልንቀይር ነው። መብራት ስለማይታመን ሶላሩም አብሮ ይገዛል።