አንድ ቡጢ ከቱሉ ዲምቱ፣ ሁለት ቡጢ ከጂዳ

ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ቴሌስኮፕ ይዞልኝ መጣ። ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከትንንሾቹ የሚመደብ ነው። ካርቶኑ ላይ ሳተርን ቀለበቷን እንዳጠለቀች በደማቅ ቀለም ታትማለች፤ ከጎኗ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ቁጥር ሲበዛ ጠርጥሩ እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ነኝ። ለራሴ ሲሆን ግን አልጠረጠርኩም።

ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረቃ ሙሉ ነበረች። ቱሉ ዲምቱ ከምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። ሁለቱን ልጆቼንና ዘጠኝ የጎረቤት ልጆችን እዚያ ሰብስቤ፣ ትልቁን ማጉያ ገጥሜ «ኑ፣ ጉድ እዩ» አልኳቸው። የቴሌስኮፑ እግር በነፋስ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ልጅ ዓይኑን ሲያስጠጋ በአፍንጫው ይገፋዋል፤ ጨረቃ ታመልጣለች፤ እኔ ፈልጌ እስክመልሳት ሰልፉ ይፈርሳል። ያገኟትም ቢሆኑ ያዩት የሚያጥበረብር ነጭ ነገር ነው። የስድስት ዓመቱ ልጄ ተራው ደርሶ ካየ በኋላ «ቴሌቪዥን ላይ ያለችው ትሻላለች» ብሎኝ ወደ ቤት ገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አጠገቤ የቀረችው ትልቋ ልጄ ብቻ ነበረች፤ እሷም የቀረችው አዝናልኝ ይመስለኛል።

ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ሳነብ ጥፋቴ ተቆጥሮ የሚያልቅ አልሆነም። ሙሉ ጨረቃ በቴሌስኮፕ ለማየት ከሁሉም የማትመች ናት፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጉድጓዶቿና ተራሮቿ ጥላ አይጥሉም፤ ሁሉም እንደተለሰነ ግድግዳ ሜዳ ይሆናል። 70 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ቢበዛ 140 ጊዜ ያህል ቢያጎላ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጎላው ብዥታው ነው። ዋናው ጥፋቴ ግን ምንም ላልጠየቁ ልጆች መልስ ይዤ መቅረቤ ነበር። ቴሌስኮፑን ካርቶኑ ውስጥ መልሼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። አንድ ዓመት ያህል ከዚያ አልወረደም።

እንደገና የጀመርነው በእርሳስና በደብተር ነው። በዚያው ወር፣ ጥቅምት 25 ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የሦስት ቀን ጨረቃ በምዕራብ ስትታይ፣ ከራሴ ልጆች ሌላ አራት ብቻ መጡ። ሕጉ አጭር ነበር፦ ጨረቃን ሳሉ፤ ከየትኛው ሕንፃ በላይ እንዳለች ምልክት አድርጉ፤ ግቡ። ሁሉም የሳሉት ቀጥ ብላ የቆመች ማጭድ ሆነ፤ መማሪያ መጽሐፋቸው ላይ እንዳለችው። ሰማይ ላይ ያለችው ግን ዘንበል እንዳለ ሲኒ ተንጋላለች። «የሳላችሁት ያያችሁትን ነው ወይስ የምታውቁትን?» አልኳቸው። ትልቋ ልጄ ደብተሯን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ላጲሷን አወጣች። በዚያ ዓመት የዚያችን ላጲስ ያህል ያስደሰተኝ ነገር ጥቂት ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ለጋ ጨረቃ በጀርባዋ መተኛት ትወዳለች፤ የመጽሐፉ ሥዕል ከእኛ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች የተሳለ ነው።

በዚያው ምሽት ከጨረቃ አጠገብ አንድ በጣም የሚያበራ ነገር ነበር። «አጥቢያ ኮከብ ናት፤ በትምህርት ቤት ቬነስ የምትሏት» አልኳቸው። ከሦስተኛ ፎቅ የሚመጣ የ10 ዓመት ልጅ «ጋሼ፣ አጥቢያ ኮከብ ከሆነች ማታ ምን ትሠራለች?» አለኝ። የመጀመሪያው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። መልሱን ልነግረው አፌን ከፍቼ መለስ አልኩና «ደብተርህ ላይ ጻፈው» አልኩት። ጥያቄው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፎ ስድስት ወር ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ።

ጨረቃን አንድ ወር ሲስሉ ከረሙ። ሙሉ የምትሆነው ፀሐይ በአንድ በኩል ስትጠልቅ በሌላው በኩል በምትወጣበት ዕለት መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ደረሱበት። ትልቋ ልጄ ደግሞ አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት ሰርቪስ መስኮት ጨረቃን በብርሃን አይታ፣ ማታ «ሌሊት ብቻ ነው የምትወጣው ያለኝ ማን ነው?» ብላ ተቆጥታ ገባች። ያልኳት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

በዚህ መሐል አንዲት ጎረቤት በሬን አንኳኩታ፣ በትሕትና ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ልጆቹን ኮከብ ቆጠራ እያስተማሯቸው ነው ይባላል» አለችኝ። ሥነ ፈለክ ሌላ፣ ኮከብ ቆጠራ ሌላ መሆኑን ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት፤ «ማታ ይምጡና ይዩ» አልኳት። መጣች፤ አየች፤ ከዚያ ወዲህ ቆሎ የምታመጣልን እሷ ናት። እናቴ ግን ኮከብ የቆጠረ ኪንታሮት ያወጣል ባይ ናት። እኛ ደግሞ መቁጠር ነበረብን፤ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ አራት ማዕዘን ውስጥ ስንት ኮከብ እንደሚታይ መብራት እያለና መብራት ጠፍቶ ማወዳደር ከሥራዎቻችን አንዱ ነበር። መብራት ሲኖር 11፣ ሲጠፋ 30 ደርሰው ተጣልተው አቆሙ። ቀድሞ መብራት ሲጠፋ የሚያለቅሱት ልጆች አሁን «ጠፋ!» ብለው እየጮኹ ደረጃውን ይወርዱታል። ማንበቢያችን የስልክ መብራት ላይ የታሰረ ቀይ ፌስታል ነው፤ ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል፤ ነጭ መብራት ያን ሁሉ በአንዲት ሰከንድ ያበላሸዋል፤ ቀዩ ግን ብዙ አይጎዳውም። እስካሁን ኪንታሮት ያወጣ የለም። እናቴ «ቆዩ» ትላለች።

የቡጢው ነገር የመጣው በታኅሣሥ ነው። ክንድን ዘርግቶ አንድ ዓይን ሲጨፍኑ፣ የተጨበጠ እጅ ስፋት ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ነው። የልጅ ቡጢ ትንሽ ነው፤ ክንዱም አጭር ስለሆነ ይካካሳል፤ ለአባትም ለልጅም ልኩ አንድ ነው። በዚህ መለኪያ የሰሜን ኮከብን ለመፈለግ ተነሣን። በዚያ ወር ምሽት በሰሜን ካሲዮፒያ የምትባለው የኮከቦች ስብስብ ከፍ ብላ ትታያለች፤ ልጆቹ «የተገለበጠ ንጉሡ ሠ» ብለው ሰየሟት። ከመሐለኛዋ ጫፍ ሦስት ቡጢ ወደ ታች ሲወርዱ፣ ከአድማስ አንድ ቡጢ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ፣ ደብዘዝ ያለች ብቸኛ ኮከብ አለች። «ይቺ ናት?» አሉ ቅር ብሏቸው። ከሰማይ ሁሉ የደመቀች መስላቸው ነበር።

የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው፤ እናቱ ጂዳ የሰው ቤት ትሠራለች። ማታ ማታ በኢሞ ይደውሉላታል። በማግስቱ መጥቶ «ጋሼ፣ እናቴም ብትለካውስ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል አርቄ አላሰብኩም ነበር። ቤቴ ገብቼ ካርታ ስዘረጋ ጂዳ ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በአንድ መስመር ላይ ልትባል ጥቂት የቀራት ሆና አገኘኋት፤ ሰዓታችንም አንድ ነው። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ሙከራ ማንም ሆን ብሎ አያዘጋጅም።

ሴትየዋ ልብስ ልታሰጣ ወደ ሰገነት የምትወጣበትን ሰዓት ነገረችን። እኛ ታች ጋቢ ለብሰን ስልኩን ከበን ቆመናል። ልጁ ያዛታል፦ «እጅሽን ዘርጊ። አትጠፊው። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን ከታች ጀምሪ።» በስልኩ ውስጥ የነፋስ ድምፅ ይሰማል። ዝም አለች። ከዚያ «ሁለት ቡጢ… ሁለት ቡጢና አንድ ጣት» አለች። ልጁ አላመናትም፤ ሦስት ጊዜ አስለካት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። የእኛ አንድ ቡጢ 10፣ የእሷ 22፤ ልዩነቱ 12 ዲግሪ። ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ይህቺ ኮከብ ከፍ ትላለች፤ አንዱ ዲግሪ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትልቋ ልጄ በቀይ ፌስታሉ ብርሃን አባዝታ 1,332 አለች። እውነተኛው ርቀት 1,390 ገደማ ነው። ልጁ ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ከጻፈ በኋላ ለረጅም ጊዜ እያየው ቆየ። እኔ ስለ ምድር ክብነት ልጨምር አስቤ ነበር፤ አልጨመርኩም።

መርካቶ ያገለገለ ባይኖኩላር አገኘሁ፤ 10 በ50 የሚባለው። ግድግዳ ላይ ክርንን አስደግፎ ከተያዘ ከዚያ ቴሌስኮፕ በላይ ያሳያል። ጁፒተር ያን ጊዜ ደማቅ ነበረች፤ አራቱን ትልልቅ ጨረቃዎቿን በየምሽቱ በነጥብ እየሳሉ ቦታ ሲቀያየሩ ያዙአቸው። ይህን በ1610 እ.ኤ.አ. ጋሊሊዮ እንዳደረገው ስነግራቸው ብዙም አልደነቃቸውም፤ እነሱም አድርገውታላ። ይበልጥ የወደዱት ቡናን ነው። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች አንድ አንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ዕድል ሰጥቶ ነበር፤ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቱ «አቦል» ተባሉ። ቡና በዓይን አይታይም፤ አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ካለችው ደማቅ ኮከብ ከአልማክ አንድ የባይኖኩላር ስፋት ያህል ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይገኛል። ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ያየነው ብርሃን ከዚያ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው ማለት ነው። አቦል በእንዲህ ያለ መሣሪያ አይታይም። የስድስት ዓመቱ ልጄ «ቶናና በረካስ?» አለኝ። ገና አልተፈላም አልኩት።

የካቲት ላይ ቬነስን በባይኖኩላር ሲያዩ ማጭድ ሆና አገኟት። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ በእኛና በፀሐይ መካከል ልታልፍ እየተጠጋች መሆኗን ብርቱካንና አምፖል ይዘን ካሳየሁት በኋላ ተረዳ፤ መጋቢት ላይ ከምሽት ሰማይ ጠፋች። ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ ሊነጋ ሲል፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ፣ በራችን ተንኳኳ። «ጋሼ፣ በምሥራቅ ወጥታለች!» ደብተሩን ይዞ ነበር የመጣው። በጥያቄው ሥር «ያቺው ናት፤ ዞራ መጣች» ብሎ ጽፏል።

ከዚያ ሳምንት በፊት፣ ሆሳዕና እሁድ ቀን፣ አንድ ሜትር ዱላ አቁመን ጥላውን ጠብቀን ነበር። 6 ሰዓት ላይ አልጠፋም፤ ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ 6፡25 ላይ ዱላው ጥላውን ዋጠው። ሰዓታችን ከእኛ በምሥራቅ ላለ መስመር የተቆረጠ ስለሆነ ነው። ከዚያ ቀን እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በግንቦት ደግሞ ትልቁን ድብ በሰሜን፣ የደቡብ መስቀልን በደቡብ በአንድ ምሽት አዩ፤ ይህ ለብዙ የዓለም ልጆች የማይደርስ ዕድል ነው።

ሁሉም አልተሳካም። ጳጉሜን 2 ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የምትጋረድበት ምሽት ሰማዩ በሰፈራችን ጥቁር ደመና ነበር። እናቴ «ነገ ሩፋኤል ነው፤ ደመናው ለጠበሉ ነው የመጣው» አለች። ከ2፡30 ጀምረን ቆመን፣ አብዛኞቹ ልጆች ተስፋ ቆርጠው ገቡ፤ 3፡20 ገደማ ደመናው ተከፍቶ እንደ ጋለ ምጣድ የቀላች ጨረቃ ለአራት ደቂቃ ያህል ወጣች። የገቡትን ለመጥራት የሮጠችው ልጄ ራሷ ሳታይ ቀረች። ይህን እስካሁን አልረሳችልኝም።

ቴሌስኮፑን ያወረድኩት በኅዳር 2018 ነው፤ አሁን ልጆቹ ራሳቸው ሳተርንን ከሰማይ ለይተው «እሷን አሳየን» ሲሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አስታወሱ። ትንሹን ማጉያ ገጠምኩ፤ እግሩን ድንጋይ አንጠልጥዬ አረጋጋሁት። የመጀመሪያዋ ልጅ አይታ «ቀለበት የላትም» አለች። ደነገጥኩ፤ አየሁ፤ እውነቷን ነው። በ15 ዓመት ገደማ አንዴ ቀለበቶቹ በጠርዛቸው ወደ እኛ ይዞራሉ፤ እኔ ከስንት ጊዜ የመረጥኩት ያንኑ ወር ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር ትንሹ ልጄ፣ ያ ቴሌቪዥን ይሻላል ያለው፣ ከሌንሱ ዓይኑን ሳያነሣ «ስንጥር አለ፤ ኳሷ ላይ ስንጥር ተሰክቷል» አለ። ከዚያ እርሳስ ጠየቀ።

አሁን የሚያወሩት ስለ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ በአዲስ አበባ በከፊል ትጋረዳለች፤ ክረምት ስለሆነ ማየታችን አጠራጣሪ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራው ግርዶሽ ጊዜ እሁድ ጠዋት በወንፊት ቀዳዳዎች መሬት ላይ ያሳየኋትን ትናንሽ ማጭዶች ትልቋ ልጄ ዛሬም ታስታውሳለች፤ ወንፊቱ አሁንም ተቀምጧል። ፀሐይን በራጅ ፊልምም በጠቆረ መስታወትም እንዳያዩ አስምያቸዋለሁ። ጂዳ ላይ ግን ግርዶሹ ሙሉ ነው፤ ከ5 ደቂቃ በላይ ቀኑ ይጨልማል።

የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ይህን ለእናቱ ሲነግራት አጠገቡ ነበርኩ። «እስከዚያማ ጨርሼ ቤቴ እገባለሁ» አለችው። ዝም ብሎ አሰበ። «ግርዶሹን አይተሽ ነይ» አላት። ቀጥሎ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «ተይው፤ ነይ» አላት።