የፍላቴን ሊዝ ሳራዝም ዋጋውን የወሰነው ቀን ቆጠራው ነበር

ለንደን ውስጥ ቀድሞ የካውንስል (የአካባቢ መስተዳድር) የነበረ ፍላት ያለውን ሰው «ሊዝህ ስንት ዓመት ቀረው?» ብትሉት አብዛኛውን ጊዜ ከተፈረመበት ቀን ይቆጥራል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የቆጠርኩት። ሊዙ የተፈረመው በ1994 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፣ ርዝመቱ 125 ዓመት ነው፣ ስለዚህ እስከ 2119 ያደርሰኛል አልኩ። ገጹን ገልጬ ሳየው ግን ዘመኑ «ከማርች 25 ቀን 1982 ጀምሮ» ይላል። በራይት ቱ ባይ (ተከራዩ የካውንስል ቤቱን እንዲገዛ በሚፈቅደው) ሕግ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ቀድሞ የተሸጠ ፍላት ካለ፣ ካውንስሉ የኋላዎቹ ሊዞች ከመጀመሪያው ጋር እኩል እንዲያልቁ ማድረግ ይችላል። ማብቂያው 2119 ሳይሆን 2107 ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ወደ ሶሊሲተር (ጠበቃ) ከመሄዳችሁ በፊት የፍላታችሁን መዝገብ ከላንድ ሬጅስትሪ (ከመንግሥት የንብረት መዝገብ ቤት) አውርዱ፤ 7 ፓውንድ ነው፣ የዘመኑ መነሻ ቀንም እዚያው ተጽፏል። ፍሪሆልደሩ (የሕንፃውና የመሬቱ ባለቤት) ማን እንደሆነም በዚያው አረጋግጡ። ካውንስሉ ሕንፃውን ለሃውሲንግ አሶሲዬሽን (ቤት ለሚያከራይ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት) አስተላልፎ ከሆነ ኖቲስ (ሊዙ ይራዘምልኝ የሚለው መደበኛ ጥያቄ) የሚገባው ለአዲሱ ባለቤት ነው።

አዲስ አበባ ሊዝ ሲባል ከመንግሥት የሚወሰድ መሬት ነው። እንግሊዝ አገር ግን ሞርጌጁን እስከ መጨረሻው ፓውንድ ከፍሎ የጨረሰ ሰው እንኳ የገዛው ዘመኑን ብቻ ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ፍላቱ ወደ ፍሪሆልደሩ ይመለሳል።

ቀን ቆጠራው ይህን ያህል የሚከብደው በ80 ዓመት ድንበር ምክንያት ነው። ኖቲስ በተሰጠበት ቀን ከ80 ዓመት በላይ ከቀረ፣ የሚከፈለው ፍሪሆልደሩ ለሚያጣው ግራውንድ ሬንት (ሊዙ ሲራዘም ለሚቀረው ዓመታዊ የመሬት ኪራይ)ና ፍላቱን መልሶ የሚወስድበት ቀን ለመራቁ ብቻ ነው። 80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማሬጅ ቫልዩ የሚባል ይታከልበታል፤ ማራዘሙ በፍላቱ ዋጋ ላይ ከጨመረው ትርፍ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። ሊዙ ሲራዘም 350,000 ፓውንድ የሚያወጣ፣ ግራውንድ ሬንቱ በዓመት 10 ፓውንድ የሆነ ፍላት እንውሰድ። 81 ዓመት ቀርቶት ከሆነ፣ ወደፊት የሚመጣው ገንዘብ እንደተለመደው በዓመት 5 በመቶ እየተቀነሰ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመጣ ዋጋው 6,800 ፓውንድ ገደማ ነው። 79 ቀርቶት ከሆነና ሰርቬየሩ (የንብረት ገማቹ) አጭሩ ሊዝ የረጅሙን 92 በመቶ ያወጣል ካለ፣ 17,700 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጣው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ያ 92 በመቶ ደግሞ ሁለቱ ሰርቬየሮች ዋናውን ክርክር የሚገጥሙበት ቁጥር ነው፤ ከ80 በላይ እያላችሁ ብትጀምሩ ክርክሩ ራሱ አይነሳም።

የ2024ቱ የሊዝ ማሻሻያ ሕግ ማሬጅ ቫልዩን እንደሚያስቀርና ማራዘሚያውን ከ90 ወደ 990 ዓመት እንደሚያሳድግ ይናገራል። እኔ ስጀምር ግን እነዚያ አንቀጾች ገና ሥራ ላይ አልዋሉም ነበር፤ ወደ 80 እየተጠጋ ባለ ሊዝ መጠበቅ ቁማር መሰለኝ። ሥራ ላይ የዋለልኝ ሌላው ለውጥ ነው፦ ፍላቱን ከገዙ በኋላ ሁለት ዓመት መጠበቅ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል።

ሥራው የሚጀመረው በሰርቬየር ነው። ሦስት ቁጥር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፦ ኖቲሱ ላይ የሚጻፈውን፣ ይሆናል ብሎ የሚጠብቀውን፣ ከከፋ ደግሞ የመጨረሻውን። ኖቲሱ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ ማስቀመጥ ይቻላል፣ የቀልድ ዋጋ ግን ኖቲሱን ራሱን ውድቅ ያደርገዋል። ሰርቬየሩ ሲመጣ በራስ ወጪ የተሠራውን ሁሉ ዘርዝሩለት። እናንተም ሆናችሁ ከእናንተ በፊት የነበሩት ባለሊዞች ያሻሻላችሁት ነገር ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። የወጥ ቤቱን ደረሰኝ አትጣሉ።

ባለፍላቶች ሊዛቸውን የማራዘም መብት በሚሰጠው የ1993ቱ ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት የሚላከው ኖቲስ የስሌቱን ቀን ያቆመዋል። ከዚያ በኋላ ድርድሩ ዓመት ቢፈጅም ሊዙ የሚቆጠረው ኖቲሱ በተሰጠበት ቀን በነበረው ዕድሜ ነው። ፍሪሆልደሩ መልስ እንዲሰጥ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠዋል። በዚህ መሃል መያዣ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከቀረበው ዋጋ 10 በመቶ ወይም 250 ፓውንድ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። ኖቲሱን ላንድ ሬጅስትሪ ላይ አስመዝግቡት፤ ሕንፃው በመሃል ቢሸጥ አዲሱን ባለቤት ይይዘዋል።

ሰው የሚወድቅበት ከዚህ በኋላ ነው። የፍሪሆልደሩ መልስ መጣ፣ ዋጋው ከፍ ብሏል፣ ሰርቬየሮቹ ኢሜይል ይጻጻፋሉ፣ ሁሉም ነገር የሚሄድ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ለትሪቡናሉ (እንዲህ ያለውን የንብረት ክርክር ለሚያየው ችሎት) ካላመለከታችሁ፣ ጥያቄው እንደተተወ ይቆጠራል። እንደገና ኖቲስ ለመስጠት 12 ወር መጠበቅ ግድ ነው፣ የፍሪሆልደሩም ወጪ እናንተ ላይ ይወድቃል። በእነዚያ 12 ወራት 80ውን ድንበር ማለፍ ደግሞ አለ። «እየተደራደርን ነው» የሚለው ቃል ቀኑን አያራዝመውም። እኔ ቀኑን ስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ፣ አምስተኛው ወር ላይና ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እንዲያስታውሰኝ አድርጌ ነበር፤ የማመልከቻውን ረቂቅም ሶሊሲተሩ አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። በተቃራኒው ፍሪሆልደሩ ጊዜውን ካሳለፈ፣ ኖቲሱ ትክክል እስከሆነ ድረስ በእናንተ ዋጋ እንዲፈጸም ካውንቲ ኮርት መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያም ገደቡ ስድስት ወር ነው።

ወጪው ከፕሪሚየሙ (ለማራዘሚያው ከሚከፈለው ዋጋ) ጋር አያበቃም። የራሳችሁ ሶሊሲተርና ሰርቬየር አሉ፤ በላዩ ደግሞ የፍሪሆልደሩን የሕግና የግምት ወጪ፣ ምክንያታዊ እስከሆነ ድረስ፣ ሕጉ እናንተን ያስከፍላል። የድርድርና የትሪቡናል ወጪውን ግን አይጨምርም። የሚላክላችሁን ሒሳብ መስመር በመስመር እዩት፤ የእኔ ላይ «የድርድር ክፍያ» የሚል መስመር ገብቶ ነበር፣ አንቀጽ 60ን ጠቅሰን ስንጽፍ ወጣ።

የአዲሱ ሊዝ ረቂቅ ሲመጣ የሌላኛው ወገን ጠበቃ «ቋንቋውን እናዘምነው» በሚል የሰርቪስ ቻርጅ (የሕንፃው ጥገናና አገልግሎት ክፍያ) አንቀጹን ሊያሰፋ ይሞክራል። በሕጉ ግን ከዘመኑና ከኪራዩ በቀር ሊዙ በመሠረቱ እንደ ቀድሞው ነው የሚቀጥለው፤ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። የኪራዩ አንቀጽ አንድ ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ማለት አለበት፣ ያውም ከተጠየቀ። ቀልድ አይደለም፣ በእንግሊዝ ሕግ ዜሮ ኪራይ የሚጻፈው እንደዚህ ነው። ማብቂያው ደግሞ የድሮው ቀን ላይ 90 ተደምሮ፣ በእኔው ፍላት ማርች 2197 መሆን አለበት። የእኔ ረቂቅ 90ውን የደመረው አዲሱ ሊዝ በሚፈረምበት ቀን ላይ ነበር። ፕሪሚየሙ የተላለፈው ያ ከታረመ በኋላ ነው።