የካፌው ዋይፋይ ከሰዓት በኋላ ለምን እምቢ ይላል?

ጠዋት አልጋ በአልጋ የነበረው የካፌ ዋይፋይ ከሰዓት በኋላ አዲስ ደንበኛ አላስገባም ይላል። ቀድመው የገቡት ቪዲዮ እያዩ ነው፤ አሁን የመጣው ሰው ስልክ ግን ፓስወርዱን ተቀብሎ «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታማው መስመሩ ነው። መስመሩ ግን ደህና ነው፤ ያለቀው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ ለእያንዳንዱ ስልክ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው።

ራውተሩ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አሠራር) አድራሻ የሚሰጠው በሊዝ ነው፤ ስሙም ራሱ ሊዝ ነው። የመሬቱን ሊዝ ለለመደ ሰው ነገሩ አይከብድም፦ ደንበኛው ሂሳቡን ከፍሎ ቢወጣም ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ አድራሻው በስልኩ ስም ተይዞ ይቆያል። ራውተሩ የሚያድለው ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.199፣ ማለትም 100 አድራሻ ነው እንበል። ሊዙ 24 ሰዓት ከሆነና በየሰዓቱ 15 አዲስ ስልክ ከገባ፣ ጠዋት 1 ሰዓት የተከፈተ ካፌ 8 ሰዓት ሳይሞላ ባዶ እጁን ይቀራል። ወንበሩ 30 ብቻ ቢሆንም ያው ነው።

አጥፍቶ ማብራት የሚሠራ የሚመስለው ብዙ ራውተሮች ሲጠፉ የሊዝ መዝገባቸውን ስለሚረሱ ነው። ጣጣው ከኋላ ይመጣል። በሌላ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ በሚያሰራጭ ተጨማሪ መሣሪያ) የተገናኙ ስልኮች ራውተሩ መጥፋቱን ስለማያውቁ የድሮ አድራሻቸውን እንደያዙ ይቀጥላሉ፤ ራውተሩ ያንኑ አድራሻ ለሌላ ሲሰጥ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ይልቅ ዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለው ገጽ ገብቶ ሊዝ ታይሙን 60 ደቂቃ ማድረግ ነው። ሚክሮቲክ በሚባለው ራውተር ላይ 01:00:00 ተብሎ ይጻፋል። የተቀመጠ ደንበኛ አይቋረጥበትም፤ ስልኩ ግማሹ ጊዜ ሲያልፍ፣ በ30ኛው ደቂቃ፣ ራሱ ያሳድሳል። ቀጥሎ የሚታደሉትን አድራሻዎች ቋት ከ192.168.1.20 እስከ 192.168.1.250 ማስፋት፤ 231 አድራሻ ይሆናል። ከ20 በታች ያሉት ለፕሪንተር፣ ለካሜራና ለካሽ ሬጅስተር ይቀመጡ። በእጅ የተሞላ የፕሪንተር አድራሻ ቋቱ ውስጥ ከገባ አንድ ቀን ለስልክ ይታደልና ፕሪንተሩ ይጠፋል።

ሲግናል ለማስፋት ተብሎ የተጨመረ ሁለተኛ ራውተር ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ከዋናው ራውተር የመጣው ኬብል ላን ፖርቱ (የውስጥ ኔትወርክ መሰኪያው) ላይ ተሰክቶ ዲኤችሲፒው ካልጠፋ፣ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ። ምልክቱ፦ ገሚሱ ስልክ 192.168.1 ብሎ ይጀምራል፣ ገሚሱ 192.168.0 ይዞ ኢንተርኔት የለውም። የሁለተኛውን ዲኤችሲፒ አጥፍቶ 192.168.1.2 የሚል አድራሻ መስጠት ይበቃል።

ያልተፈለገ ሰው ከዋይፋዩ ወደማገድ ስንመጣ፣ በማክ አድራሻ (ስልኩ ለኔትወርኩ በሚያሳየው የመሣሪያ መለያ) ማገድ ዛሬ ወንፊት ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች እውነተኛውን ማክ ደብቀው በዘፈቀደ የተፈጠረ ነው የሚያሳዩት። መለየቱ ቀላል ነው፤ የማኩ ሁለተኛዋ ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ናት። የታገደው ሰው ሴቲንጉን አንዴ ነክቶ በሌላ ማክ ይመለሳል። የተፈቀደላቸውን ብቻ መመዝገብም ብዙ አያስተማምንም፤ ማክ በአየር ላይ ሳይመሰጠር ስለሚሄድ ቀድቶ መጠቀም ይቻላል።

የሚያዋጣው የደንበኛውንና የሠራተኛውን ኔትወርክ መለየት ነው። ለደንበኛ ጌስት (የእንግዳ) ኔትወርክ ይከፈትና ስልኮቹ እርስ በርስም ሆነ ካሽ ሬጅስተሩን እንዳያዩ ይከልከል፤ የሠራተኛው ኔትወርክ ሌላ ፓስወርድ ይኑረው። ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘው ደብሊውፒኤስ ይጥፋ፤ ባለ 8 አሃዝ ፒኑ በሁለት ግማሽ ስለሚመረመር 11,000 ሙከራ ይሰብረዋል። በብዙ ርካሽ ራውተሮች ግን ጌስቱም የሚቀዳው ከዚያው ከአንዱ ቋት ነው፤ ስለዚህ ሊዙ ካላጠረ ለሠራተኛውም ቢሆን ከሰዓት በኋላ አድራሻ አይተርፍም።